ባዶ ያልነው ታንከር

ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜሽ ገና ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሽበቴም በጣት ይቆጠራል። ነገር ግን በወጣትነቴ የሠራሁበት የዘይት ፋብሪካ ከእኔ ቀድሞ አረጀ፤ ከእኔ ቀድሞ ሞተ፤ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ተቆራርጦ በከባድ መኪና ሲጫን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እስክሪብቶውን አነሣለሁ፣ እጥለዋለሁ፣ ደግሞ አነሣዋለሁ። ስለዚህ ሽበቱን አልጠብቅም።

ነገሩን የጀመረው ሽታ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤቱ በር አካባቢ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሴት ነኝ። በዚያ ዕለት መራመድ ለማይችሉ አንዲት ባልቴት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ በባጃጅ እየተመለስሁ ነበር። ባጃጁ ከታችኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ ሊወጣ ሲታጠፍ የኑግ ዘይት ሸተተኝ። ትኩስ ዘይት አይደለም፤ ግድግዳ የጠጣው፣ ሲሚንቶ የጠጣው፣ ብዙ ክረምት ያለፈበት ዘይት ነው። ግድግዳ ሲፈርስ ውስጡ ተዘግቶበት የኖረው ሽታ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። «አቁምልኝ!» አልሁት ባለባጃጁን፤ አቁሞ ሳይጨርስ ወረድሁ። «ኧረ ሴትዮ፣ እግርሽን ልትሰብሪ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። አጥሩ ተነሥቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ የገባሁበት አዳራሽ ሰማይ እያየ ቆሟል።

ፋብሪካ እንበለው እንጂ ያኔም ቢሆን አንድ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ሁለት መጭመቂያ፣ ሲነሣ መንደሩን የሚያንቀጠቅጥ አንድ ሞተርና ከጣሪያው በላይ ብቅ ያለ የጭስ ማውጫ ነበር። ገበሬው ከፋርጣም ከእብናትም ኑጉን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ሲመለስ ለሚያደልበው በሬ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ የቀረውን ፋጉሎ ጭኖ ይሄዳል። እኛ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን፤ ሥራችን ኑጉን በወንፊት እየነፋን ጠጠሩንና አፈሩን መለየት ነው። የምንለብሰው ሰማያዊ ሽርጥ ነበር፤ በሁለት ሳምንቱ ዘይት ጠጥቶ ይጠቁርና እርስ በርሳችን «የማን ሰማይ ነው ቀድሞ የጨለመው?» እያልን እንሳሳቅበት ነበር። ጫማችን የፕላስቲክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በጉና ብርድ እንደ ጣሳ ደርቆ እግራችንን ይልጠዋል። ሻይ በአንድ ብር ነበር፤ ዳቦ ጨምረን እንኳ የሚተርፈን ነገር አይጠፋም። ከበሩ ማዶ ካሴት ቤት አለ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከማለዳ እስከ ማታ ያስዘፍናል፤ አንዱን ዘፈን ከወደዱት ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ነው። ወንፊታችንን በዚያ ምት እንነፋው ነበር። ፈጣን ዘፈን በመጣ ቀን ብዙ ኩንታል እናወጣለን፤ ትዝታ በመጣ ቀን ኃላፊው ይቆጣናል። ያኔ ሞባይል ገና ብርቅ ነበር፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራበት እኛም ወንፊታችንን ይዘን ቆመን እናየው ነበር።

እኔ በዘይት ጀሪካን ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፤ ግጥም እንዲህ ነው ብሎ ያስተማረኝ የለም። የጻፍሁትን በምሳ ሰዓት አነብላቸዋለሁ። የሴቶቹ ትልቅ እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ ወረቀት ሳወጣ ገና፣ «እስቲ ደግሞ ዛሬ ማንን ሰደብሽ?» ይላሉ። ኃላፊውን ከሆነ ከት ብለው ይስቃሉ፤ ፍቅር ከሆነ «ይህን ደብቂው፣ ያገባሽ ሰው ያነበዋል» ይሉኛል። እትዬ ዘነቡ በሰፈሩ የታወቁት በሌላ ነገር ነው፤ ዕቃ የማጠን እጅ ነበራቸው። አዲስ ጋን የገዛች ሙሽራ፣ የወተት ቅሏ የሸተተባት ሴት፣ ጠላዋ የተበላሸባት ነጋዴ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ትመጣለች። በግራዋ ይፈገፍጉታል፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ ከዚያ የወይራ ስንጥር በፍም ላይ አድርገው ጢሱን ያጠጡታል። እሳቸው ያጠኑት ጋን ውስጥ ውኃ ብቻ ቢጨመር እንኳ ሰው ይደገመኝ ይላል።

ሞተሩ ደግሞ የጋሽ ደምስ ነበር። የባለቤቱ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ግን እሳቸው ካልነኩት አይነሣም። ረጅም፣ ቀጭን ሰው፣ የታጠበ ካኪ፣ በአንዱ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ፣ በሌላው ላይ ሲጋራ። ሲገቡ «ገጣሚት፣ ሞተሯ ዛሬ ደረቷን አሟታል፤ አንድ ግጠሚላት» ይሉኛል። ከመላው ፋብሪካ የሚያጨሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግቢው ውስጥ የቤንዚን ታንከር ስላለ ኃላፊው በሲጋራ ነገር ሳይነዘንዛቸው የዋለበት ቀን የለም። እሳቸው ግን ማንም ሳይነግራቸው ሕግ ነበራቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ሲጋራቸውን መሬት ይጥሉና በቀኝ ጫማቸው ተረከዝ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዙረው ይረግጡታል። ከዚያ ነው የሚገቡት። ያንን ሁላችንም ስንት ጊዜ አይተነዋል። ይህን እዚህ ላይ የምጽፈው በኋላ ስለምፈልገው ነው፤ መፈለግ በነበረብኝ ጊዜ ግን አላስታወስሁትም።

ወደ ፍርስራሹ ልመለስ። ከዚህ በፊት አሮጌ ብረት ሲነሣ ያየሁት በመዶሻና በጩኸት ነው፤ ቁራሌዎች መጥተው ያገኙትን ነቅለው፣ ጎትተው ይሄዳሉ። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። ዙሪያውን ቢጫ ጥብጣብ ተወጥሯል። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆብ፣ ጓንት፣ ወፍራም ጫማ። መጭመቂያዎቹ ያኔ ተሽጠዋል፤ የቀረው ሞተሩ ተቀምጦበት የነበረው የብረት አልጋ፣ የጣሪያው ብረት፣ የጭስ ማውጫውና ከሞተር ቤቱ ጀርባ ያለው የናፍጣ ታንከር ነው። የሚፈርሰው ሁሉ አስቀድሞ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል። ከላይ ወደ ታች፣ አንድ በአንድ ያወርዱታል፤ የመዳቡን ሽቦ ለብቻ፣ ወፍራሙን ብረት ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ ይከምራሉ። አለቃቸው ኤርምያስ የሚሉት፣ አነጋገሩ የአዲስ አበባ የሆነ ወጣት መሐንዲስ ነው። ቱቦ አስዘርግቶ የናፍጣውን ታንከር ውኃ እየሞላው ነበር። በጥብጣቡ ዙሪያ የቆመው የሰፈር ሰው ይዝናናል።

«ይሄ ሰውዬ ብረት ያጠጣል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተክሎት ነዋ። ለመስከረም ሁለት ታንከር ይሆንለታል» አለ ሌላው።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መሐንዲሱ ወደ እኛ በኩል ሲመጣ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ባዶ አይደለም እንዴ? ለምን ትሞሉታላችሁ?» አልሁት።

«ባዶ ስለሆነ ነው፣ እህቴ።»

«እንዴት?»

«ነዳጅ ሲቀዳ ፈሳሹ ይወጣል እንጂ ትነቱ አይወጣም። ዝገት ሥር የተደበቀች አንድ ብርጭቆ ትበቃለች። ፀሐይ ሲነካት ትተንና ታንከሩን ትሞላዋለች። አይታይም። በዚያ ላይ ብልጭታ ከገባ...» ሁለት እጁን ገጥሞ በድንገት ለያየው። «ውኃ ከሞላው ግን ትነቱ መቀመጫ ያጣል። ከዚያ በመሣሪያ እናሸተዋለን። ንጹሕ ነው ካለን ነው መቁረጫውን የምናቀርበው።»

«ታጥቦ ቢሆንስ?» አልሁት።

«ሰው የሚሞተው በታጠበው ነው። ያልታጠበውንማ ሁሉም ይፈራዋል።»

«ሰው አጠገቡ ሲጋራ ይዞ ቢያልፍ ነው ማለት ነው የሚፈነዳው?»

«አይመከርም። ቤንዚን ከነበረበት በተለይ። ግን አሥር እርምጃ ርቆ የሚያልፍ ሲጋራ... እንጃ። እኔን የሚያስፈራኝ ውስጡ የሚገባው ነው። የብረት መፍጫ፣ የመዶሻ ብልጭታ፣ ፍም...»

ፍም።

ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ ቀኝ መዳፌ ተኮሰኝ። እየጻፍሁ አላጋነንሁም፤ እጄን ገልጬ አይቼዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ መዳፍ ስጽፍ፣ ሰው ስጨብጥ፣ ስበላ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደያዘ ጠይቄው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋብሪካው በዘመኑ እንደ ብዙ ነገር ሳይታሰብ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ ያኔም በቅጡ አልነገሩን፣ ዛሬም አላውቅም። ባለቤቱ መጭመቂያዎቹን ለነጋዴ ሸጠ። ከዚያ ሰብስቦን፣ ግቢው ውስጥ ከቀረው ዕቃ የሚበጃችሁን ውሰዱ አለን። አንዱ በር ወሰደ፣ አንዱ ቆርቆሮ። እኛ ሴቶቹ ተማክረን የቤንዚኑን ታንከር ጠየቅን። ያኔ በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚመጣው፤ ታንከሩን እድራችን ደጃፍ ላይ አቁመን ውኃ ልናጠራቅምበት ነው። ልቅሶ ሲኖር ውኃ ፍለጋ የምትሮጥ ሴት እንዳትኖር። እትዬ ዘነቡ ጋሽ ደምስን ጠሩና፣ «ባዶ ነው?» አሏቸው። «ባዶ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የቀዳሁት እኔው ነኝ» አሉ። እንደ ሰው ልጅ ሆዱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጎርነን ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ባዶ መሆኑን በጆሯችን ሰማን።

ሦስት ቀን አጠብነው። በአመድ፣ በግራዋ፣ መጥረጊያ በረጅም እንጨት አስረን። አፉ ትልቅ ነው፤ ቀጭኗ ሴት እስከ ወገቧ ትገባበታለች። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው የሚያቃጥል ፀሐይ ወጥቷል፤ ካሴት ቤቱ ፈጣን ዘፈን ከፍቶልናል። እትዬ ዘነቡ አፍንጫቸውን ወደ ታንከሩ አፍ አስገቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ለሰው ይህን አጠጥቼ ምን ልባል ነው? ይታጠን።»

ማንም አልተቃወመም። ማን ይቃወማል? የሸተተ ዕቃ ይታጠባል፤ ታጥቦ ካልለቀቀ ይታጠናል። የእናቶቻችን እጅ ከዚህ ሌላ አያውቅም። «ሂጂ አንቺ፣ ከሻይ ቤቷ ፍም ለምኚ» አሉኝ። በሰፊ ገል ላይ አስደርጌ፣ እፍ እያልሁ፣ ሙቀቱ መዳፌን እየለበለበኝ ይዤ መጣሁ። እሳቸው የወይራውን ስንጥር በላዩ ነሰነሱ፤ ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ «እሰይ!» አሉ። ገሉን በሽቦ አንጠለጠሉና፣ «ጢሱ እንዳያመልጥ አፉን የምንከድንበት ጆንያ አርጥበሽ አምጪ» አሉኝ። የውኃው በርሜል ከግድግዳው ማዶ ነው። ወደዚያ ስታጠፍ ጋሽ ደምስ በበሩ ሲገቡ አየኋቸው፤ በአፋቸው ዙሪያ የሲጋራ ጢስ ነበር።

ከዚያ መሬቱ ተነሥቶ መታኝ። ግድግዳው ነው ያተረፈኝ። የታንከሩ አናት ተገንጥሎ፣ መንገድ ተሻግሮ ካሴት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተገኘ። በኋላ እንደነገሩኝ ዘፈኑ አልቆመም ነበር፤ መስማት ያቆምሁት እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ የለም፤ ባለጉዳዮቼን በቀኜ በኩል የማስቀምጣቸው ለዚህ ነው። እትዬ ዘነቡን አልጽፋቸውም። ሽርጣቸውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ባሕር ዛፉ ላይ፣ ማንም ሊደርስበት ከማይችል ቅርንጫፍ ተሰቅሎ ነበር፤ እስከ ክረምቱ ነፋስ እዚያው ቆየ።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ ፖሊስ ጠየቀኝ። ጸሐፊው ወረቀቱን አስተካክሎ፣ «ምን እያደረጋችሁ ነበር?» አለ። «ታንከሩን አጥበን እያጠንነው» አልሁ። «በማጽዳት ላይ ሳሉ» ብሎ ጻፈ። ዛሬ እኔም የሰው ቃል እያሳጠርሁ በመጻፍ ነው የምኖረው፤ ያን ወረቀት ሳስበው ይዘገንነኛል። ከዚያ መርማሪው ጎንበስ ብሎ በቀኝ ጆሮዬ፣ «በአካባቢው እሳት ነበር?» አለኝ።

«የለም» አልሁ።

አልዋሸሁም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልዋሸሁም። ፍሙን በእጄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን ያ ለእኔ እሳት አልነበረም። እሳት ማለት ምድጃ ነው፣ የሚነድ ነው፣ ቤት የሚበላ ነው። ያኛው የወይራ ጢስ ነው፤ ዕቃ የሚያጸዳ ነገር ነው። ቀሪዎቹ ሴቶችም አንድ በአንድ ተጠይቀው ሁሉም «የለም» ብለዋል። ዘጠኝ ሴቶች ፍሙ ሲገባ ከጢሱ ራቅ ብለው ቆመው አይተዋል፤ ዘጠኙም አላዩትም።

«ሲጋራ የያዘ ሰውስ?»

«ጋሽ ደምስ። ሲገቡ ጢሱን አይቻለሁ።»

ፍርድ ቤት ደግሞ ደግመን ተናገርነው። ጋሽ ደምስ ፊታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ቆመው፣ «በሩ ላይ አጥፍቼዋለሁ። በጫማዬ። ሁልጊዜ እንደማጠፋው» አሉ። ማን ሰማቸው? እንዴት እንደረገጡት ሊያሳዩ ቀኝ እግራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሚዛናቸውን ስተው ተንገዳገዱ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን እግራቸውንም አላየሁም። ሌላ ቦታ እያየሁ ነበር። ተፈረደባቸው። በመጨረሻው ቀጠሮ ዳኛው የሚሉት ካለ ሲጠይቋቸው፣ «እንግዲህ ሁሉም እንዲህ ካለ ሳላጠፋው ቀርቼ ይሆናል» አሉ። ሰው ሁሉ «ጥፋቱን አመነ» አለ። የታሠሩትን ታሥረው ሲወጡ ደብረ ታቦርን ጥለው ከልጃቸው ጋር እብናት ገቡ።

መሐንዲሱ አሁንም ፊቴ ቆሟል። «የወይራ ፍም ቢሆንስ?» አልሁት። «ለማጠን። በገል አድርገው፣ በሽቦ ውስጡ ቢያወርዱት?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ቤንዚን ታንከር ውስጥ? ማን ነው እንዲህ ያደረገ?»

ከኋላዬ ያ ቀልደኛ ሰውዬ፣ «እናቴም ቢሆኑ ያጥኑታል፤ ምን አለበት?» ሲል ሰማሁ። መሐንዲሱ ዞሮ ቢጫ ጥብጣቡን ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አስኬደው፤ ሁላችንንም ገፋን። እኔ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጥሁ። ውኃው ከታንከሩ አፍ ሞልቶ እየፈሰሰ ጫማዬን አራሰው። ሦስት ቀን ስናጥበው ውኃ እንደ ጉድ ነበር የደፋነው። ሞልተነው ቢሆን! እስከ አፉ ሞልተን ትተነው ቢሆን!

በማግስቱ እብናት ወረድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዱ ከፊቴ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ እኔ የምናገረውን በልቤ እያስተካከልሁ ነበር፤ ስንት ሰው ማመልከቻ የጻፈች እጅ ሦስት ቃል አልመጣላትም። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ወርደን እህል ገበያው ጋ ስንቆም ጠየቅሁ። «የሚዛን ጠጋኙን ሽማግሌ ነው?» አሉኝ። አሁን የእህል ነጋዴዎች ሚዛን ሲበላሽባቸው እሳቸው ዘንድ ነው የሚወስዱት። ሞተር ከዚያ ወዲህ ነክተው አያውቁም።

ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠው ሚዛን ፈታተዋል። ግራ ጉንጫቸው ላይ ቆዳው የተሸበሸበ ነው። በአንዱ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ አለ፤ ሌላኛው ባዶ ነው። ልጃቸው የሽወርቅ ወጥታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ያኔ ምሳቸውን በሳህን ቋጥራ ወደ ፋብሪካው የምታመጣ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት።

«ከደብረ ታቦር የሚመጣ ሰው አንፈልግም» አለችኝ።

«ተያት» አሉ ጋሽ ደምስ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝና፣ «ገጣሚት ናት» አሉ። «ተቀመጪ። የሽወርቅ፣ ሻይ አፍዪላት። እኔማ እንዳላፈላላት ክብሪቱን የምታስቀምጠው ከጣሪያው ሥር ነው።» ሊስቁ ሞከሩ። ልጅቱ አልሳቀችም። በበሩ በኩል ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ክብሪቱ ከቤቱ ማገር ላይ፣ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ላይ ተሰክቷል።

ነገርኋቸው። ምንም ሳላሳምር፣ መሐንዲሱ እንዳለኝ፣ ስለ ትነቱ፣ ስለታጠበው፣ ስለ ፍሙ። እጃቸው ላይ ያለችውን ብሎን እያዞሩ ሰሙኝ። ስጨርስ ብሎኗን ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡ።

«ፍሙ ውስጡ ገብቶ ነበር?»

«ገብቶ ነበር፣ ጋሼ።»

«ወይራ ሸቶኝ ነበር» አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «በሩ ላይ ስደርስ ሸቶኛል። ደስ አለኝ እኮ። ውኃው ሊጣፍጥ ነው ብዬ ነው ወደዚያ የሄድሁ። ሠላሳ ዓመት ከነዳጅ ጋር የኖርሁ ሰው፣ ወይራ ሲሸተኝ እሳት አለ አላልሁም።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እግዚኦ! ዘነቡን!» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ፍሙን ማን አመጣው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

እጄን አላዩም። ወደ ቤቱ ዞረው፣ «የሽወርቅ!» ብለው ጠሩ፤ ድምፃቸው ሞተር ቤት ውስጥ እንደሚጣሩት ነበር።

«ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ንገሪያት» አሉኝ። «እኔ ስነግራት ኖሬያለሁ። በኋላ እኔም ተውሁት።»

ለሁለተኛ ጊዜ ነገርሁ። የመጀመሪያው ይቀላል፤ እሳቸው ያውቁኛል። የሽወርቅ የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘች፣ ሳታቀብለኝ፣ ሳታስቀምጠው ሰማችኝ።

«እሳት ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?»

«የለም አልሁ።»

«የለም አልሽ።» ሻዩ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ አላራገፈችውም። «እኔን ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'ሲጋራዋ መጣች' ነበር የሚሉኝ። ባሌ ከማግባቱ በፊት ሽማግሌ ልኮ፣ አባትሽ አሁንም ያጨሳል ወይ ብሎ አስጠይቋል። እኔ ልጆቼን ከአያታቸው ጋር ትቼ ገበያ ወጥቼ አላውቅም። አንድ ቀን! ሰው የገደለ እጅ ነው እያልሁ...» አልጨረሰችውም። ወደ አባቷ ማየት አልቻለችም፤ እኔን ብቻ ታያለች። በእጇ ብትመታኝ ምናለ እያልሁ ነበር።

«ፍርድ ቤት ሄጄ እናገራለሁ» አልሁ። «እጽፈዋለሁ። ደብረ ታቦርም፣ ነገ እዚህ ገበያ መካከልም ቆሜ...»

«ቆዪ» አሉ ጋሽ ደምስ።

መደቡን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ግድግዳውን ያዙ፤ ያኔ እንደተንገዳገዱ እንዳይንገዳገዱ ይመስለኛል። ጣታቸውን ገጥመው ከአፋቸው አንድ ነገር እንደሚያወጡ ሆኑና ወደ መሬት ጣሉት። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን አንሥተው፣ ተረከዛቸውን አፈሩ ላይ አሳርፈው፣ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዞሩት። ያንን አዟዟር አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ፣ በዚያ በር ላይ፣ ወንፊቴን ይዤ አይቼዋለሁ።

«እንዲህ ነው ያጠፋሁት» አሉ። «እንዲህ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። እግራቸውን አነሡ። አፈሩ ላይ ትንሽ ክብ ጉድጓድ ቀርቷል። የሽወርቅ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ቦታውን አየችው።